የአያቴን ኮክ ልቁረጠው ወይስ ካቡ ላይ ልዘርጋው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ዳርቻ አያቴ ያቆየችው ጓሮ አለን። ዙሪያው በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ያረጁ የኮክ ዛፎች፣ ጌሾ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት የፖም ችግኝ ተክዬ ነበር። ቁመታቸው ሰማይ ደረሰ፣ ፍሬ ግን የለም። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ የፈረንጆችን የጥንት የአትክልት ቦታዎች አየሁ። ዛፉን ግድግዳ ላይ ጠፍጥፈው ያሳድጉታል፣ በፍግ ሙቀት ብርድ ወር ላይ ሰላጣ ያበቅላሉ። ወንድሜ ‹ይሄ የሀብታም ቅንጦት ነው፣ ኮኩን ቆርጠን ባሕር ዛፍ እንትከል› ይላል። እውነት ለእኛ ብርድ ይሆናል? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጥረቢያውን ለጊዜው አስቀምጡት። ወንድምሽ ግን ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። እነዚያ ቦታዎች ሲጀመሩ እውነትም ቅንጦት ነበሩ። ፈረንሳይ አገር ቬርሳይ ያለው የንጉሡ የጓሮ አትክልት ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1683 ለሉዊ 14ኛ የተሠራ ነው። ቦታው ረግረግ ነበር። ላ ኩዊንቲኒ የሚባል አትክልተኛ አጠንፍፎ በግንብ ከፋፈለው። ከዚያ ያለ ወቅቱ ፍሬ ለንጉሡ ማዕድ ያቀርብ ጀመር። ብርድ ወር ላይ እንጆሪ ያማረው ንጉሥ ቅንጦተኛ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ብልሃቱ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም። ፓሪስ አጠገብ ሞንትሮይ የምትባል፣ ዛሬ ከተማ የሆነች መንደር ነበረች። የዚያ ገበሬዎች ያንኑ ነገር እንጀራቸው አደረጉት። ምን ያመርቱ ነበር መሰለሽ? ኮክ! የፓሪስ ብርድ የኮክ አበባ አያስተርፍም። ስለዚህ ማሳቸውን በግንብ በግንብ ሸነሸኑት፣ ግንቡን በጀሶ ለሰኑት፣ ቀንበጡን በአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ እየያዙ በምስማር ግንቡ ላይ መቱት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግንቦቹ ቢደመሩ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆኑ ነበር። አሮጌ ጨርቅ፣ ምስማር፣ ድንጋይ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ድንጋይ ይጠፋል እንዳትይኝ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከእነሱ የምትወስጂው ለምን እንዳደረጉት ነው። መቼ እንዳደረጉትማ ለአገራቸው ነው። ወራቸውን ገልብጠሽ ጓሮሽ ውስጥ ካመጣሽው ወንድምሽ ይስቅብሻል፣ እኔም አላስጥልሽም።

ከውርጩ እንጀምር። እነሱ ጋ ብርዱ አንዴ ከገባ ወራት ይቆያል። እኛ ጋ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጉዱ ሌሊት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ፀጥ ሲል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ስትለቅ ታድራለች። ሊነጋጋ ሲል ሣሩ ላይ አመዳይ ታያለሽ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ቁልቁል ይፈስሳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። እዚያው ጓሮ ውስጥ ላይኛው ጎመን ደህና አድሮ ታችኛው ድንች ተመትቶ የሚያድረው ለዚህ ነው።

አሁን ካቡን ተመልከቺው። ድንጋይ ቀን ሙቀት ይጠጣል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ከካቡ አጠገብ ያለው ተክል ሜዳ ላይ ካለው የሚድነው በዚህ ነው። ጥቂት ዲግሪ ነው፣ ግን ለአበባ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። የፈካ የኮክ አበባ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ አካባቢ ላይ መጎዳት ይጀምራል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ እዚያች መስመር ላይ መመላለስ ይወዳል።

የትኛው የካብ ፊት? ፈረንጆቹ ለኮክ የሚመርጡት ወደ ደቡብ የዞረውን ነው። እኛ ጋ ይሠራል? ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ግን በክረምት ወደ ሰሜን፣ በበጋ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ስትሆን በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው የምትታየው። ውርጩም የሚበረታው ያኔ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረው ፊት ለእኛም ይሆናል። ሰኔና ሐምሌ ያው ፊት እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይሆናል፣ ነገር ግን ያን ጊዜ ሰማዩም ደመና ስለሆነ የምታጪው ብዙ አይደለም።

ወደ ምሥራቅ የዞረውን ለኮክና ለፖም አትስጪ። ሌሊት የበረደ አበባ የማለዳ ፀሐይ በድንገት ስትመታው ጉዳቱ ይብሳል። እዚያ ጎመንሽን ወይም ጌሾሽን አድርጊ።

ሌላ ሰው የማይነግርሽ ነገር ደግሞ ይሄውልሽ። ካቡ በተዳፋቱ ግርጌ ድፍን ከሆነ ቀዝቃዛውን አየር ገድቦ ጓሮሽ ውስጥ ያስተኛዋል። ታችኛው ጥግ ላይ ከመሬት ጀምሮ አንድ በር የሚያህል ክፍት ቦታ ተዪለት፣ ፈሶ ይሂድ። በጎች እንዳይገቡ ከሆነ በእሾህ አጥር ሸፍኚው፣ አየሩ በእሾህ መሀል ያልፋል።

ውኃም ሙቀት ይይዛል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀን ሙቀት ያጠራቅማል። ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከቆመ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ አጠጪ። በመስኖ ቦይ የምታጠጡ ከሆነ ደግሞ በእነዚህ ወራት ተራሽ ቀን ላይ እንዲሆን የውኃ አባቱን ቀርበሽ አነጋግሪ። ምክንያቱን ስትነግሪያቸው ይገባቸዋል፣ ውርጭን ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። አበባ ላይ ያለ ትንሽ ዛፍ ካለሽ ማታ ሸፍኚው፣ ጠዋት ግለጪው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አሮጌ ብርድ ልብስ አጣሁ የሚል ሰው መቼም አላምንም።

ወደ ፖሙ እንምጣ። ፍሬ የከለከሉሽ ነገሮች ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሦስቱም አንድ ላይ መጥተውብሽ ይሆናል። የመጀመሪያው ባል ማጣት ነው። ፖም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ዝርያ የሚመጣ ብናኝ ይፈልጋል። ሁለቱም ችግኞችሽ አንድ ዝርያ ከሆኑ ለንብ ሥራ የለም። ብርድ ብዙ ከማይጠይቁት መሀል አና የምትባለው እስራኤል ውስጥ የወጣች ናት፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከባሃማስ ደሴቶች የመጣች። አብረው ስለሚያብቡ በብዙ አገር ጎን ለጎን ይተከላሉ። ያንቺ ምን እንደሆነ ከሸጠሽ ሰው ጠይቂ። ካላወቀ ከሌላ ዝርያ አንድ ቅርንጫፍ አምጥተሽ እዚያው ዛፍ ላይ ግራፍት ማድረግ፣ ማለትም ቆርጦ ማጣበቅ ይበቃል፣ አዲስ ዛፍ መትከል የለብሽም።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ፖም የበረዶ አገር ልጅ ነው። እምቡጡ እንዲነቃ መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ በረዶም ባይሆን ብርድ ማግኘት አለበት። የእኛ ብርድ ሌሊት መጥቶ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ዛፉ ግማሹ ተኝቶ፣ ግማሹ ነቅቶ፣ ቅጠሉን ሳይጥል ግራ ተጋብቶ ይከርማል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ደሴት ላይ፣ ባቱ የሚባል ደጋ አለ። የብርድ ወቅት የሚባል ነገር የላቸውም፣ ፖም ግን በዓመት ሁለቴ ይለቅማሉ። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ይሸመጥጡታል። ዛፉ ቅጠሉ ሲያልቅበት ያንቀላፋ እምቡጡን ይቀሰቅሳል። አንቺም ሞክሪው፣ ግን በአንዱ ዛፍ ላይ ብቻ። ጊዜውን ጥር አጋማሽ ላይ አድርጊው። ከዚያ ቀደም ብለሽ ከሸመጠጥሽ አበባው ውርጭ መሀል ይወጣል፣ ድካምሽ ገደል ይገባል። ስትሸመጥጪ ቅጠሉን ከነእግሩ አትሳቢ፣ እምቡጡ እዚያ ሥር ነው ያለው። ቅጠሉን ይዘሽ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ አቅጣጫ ግፊው፣ እግሩ ላይ ተቆርጦ ይቀርልሻል።

ሦስተኛው ቁመት ነው። «ሰማይ ደረሰ» ስትዪ ነገሩ ገባኝ። ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቅርንጫፍ ጉልበቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ነው፣ የጎን እምቡጦቹን ያፍናል። ያንኑ ቅርንጫፍ ወደ አግድም ብታጋድሚው የጫፉ ጉልበት ይላላል፣ የጎን እምቡጦች ይነቃሉ፣ ከእነሱም ፍሬ የሚይዙ አጫጭር እግሮች ይወጣሉ። የቬርሳይ አትክልተኞች ዛፉን ግንብ ላይ ያጋደሙት ለጌጥ ብቻ መስሎሽ እንደሆነ አይደለም። እኛ ጋ ደግሞ ጥቅሙ ከእነሱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ብርድ ያልቀሰቀሰውን እምቡጥ ማጋደም ይቀሰቅሰዋል። ለደጋችን ፖም ከጥንቶቹ ጓሮዎች አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ ብትዪኝ ይሄንን ነው የምሰጥሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካቡ ፊት ለፊት ሁለት ቋሚ እንጨት ትከዪ። የመጀመሪያውን ሽቦ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ወጥሪ፣ ከዚያ በላይ በየ35 ሳንቲ ሜትሩ ሌሎቹን። ችግኙ ከካቡ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ የካብ ሥር አፈር ድንጋያማና ደረቅ ነው። ከዋናው ግንድ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቀንበጥ ምረጪ። ውፍረቱ እርሳስ ሲያህል፣ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሲለመጥ ነው የሚያዘው። በመጀመሪያው ክረምት አታስተኚው፣ በ45 ዲግሪ ዘንበል አድርገሽ በጨርቅ ቁራጭ እሰሪው። የቃጫ ገመድ ቅርፊቱን ስለሚበላው በቀጥታ አትጠቀሚው። ቀንበጡ በቂ ርዝመት ካወጣ በኋላ በጋው ሲገባ ሽቦው ላይ አስተኚው። ወዲያው አግድም ካስተኛሽው ማደጉን ያቆማል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። በየዓመቱ አንድ ሽቦ ወደ ላይ እየወጣሽ ትሄጃለሽ። ያሉሽ ዛፎች ስለጠነከሩ እንዲህ አይሆኑም። ለእነሱ ደህና ደህና ቅርንጫፎችን ድንጋይ በገመድ አንጠልጥለሽ ቀስ በቀስ ማጉበጥ ይበቃል። ቀጥ ብለው የቆሙትን ከሥራቸው አንሺ።

ችግኝ ስትገዢ ከሥር ያለውን ጠይቂ። ፖም ሁለት ተክል ነው፣ ሥሩ የአንዱ፣ ላዩ የሌላው። የዛፉን ቁመት የሚወስነው ሥሩ ነው። ኤምኤም 106 የሚባለው መካከለኛ ቁመት ይሰጣል፣ ሥርና ግንድ ከሚወርረው ነጭ ጥጥ ከለበሰ ቅማልም በተሻለ ይቋቋማል። ጨንቻ ላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ ፖም ከሚስዮናውያን ጋር ከገባ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ግራፍት የሚያደርጉ ገበሬዎችም እዚያ አሉ። ዘመድ ካለሽ በእነሱ በኩል ማስመጣት ያዋጣል።

ኮኩን ግን እንደ ፖም አታድርጊው። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው። አንዴ ያፈራ እንጨት ደግሞ አያፈራም። ሳይገረዝ የኖረ ኮክ በየዓመቱ ፍሬውን ወደ ላይ ይዞት ይሸሻል፣ በመጨረሻ ልጆች በድንጋይ ያወርዱታል፣ እውነቴን አይደል? ስለዚህ ካብ ላይ የሚዘረጋ ኮክ አግድም ሽቦ አይከተልም፣ ከአጭር ግንድ ተነስቶ እንደ እጅ ጣቶች ይበተናል። ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ያፈራውን ቀንበጥ ከሥሩ የወጣ አዲስ ቀንበጥ ድረስ ትቆርጪዋለሽ። አዲሱ በቦታው ታስሮ ለከርሞ ያፈራል። ሁልጊዜ ደረቅ ቀን ጠብቂ፣ በዝናብ የተቆረጠ ኮክ ቁስሉ በሽታ ያስገባል።

ያረጁትን ዛፎች በተመለከተ ግን አላሞኝሽም። ኮክ ብዙ ዕድሜ የለውም፣ 20 ዓመት ከደረሰ ሸምግሏል። አሁን ያለው ዛፍ ምናልባት አያትሽ የተከሉት ዛፍ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ካረጀ ግንድ ላይ አዲስ ቀንበጥ በቀላሉ አይወጣም፣ ስለዚህ ጉቶ ድረስ ከቆረጥሽው እዚያው ያበቃለታል። ሕይወት ያለው ቀንበጥ እስካለበት ድረስ ብቻ ዝቅ አድርጊው። እስከዚያው ግን ዘሩን አድኚ። ከጣፋጩ ዛፍ ፍሬ ወስደሽ፣ አጥንቱን አጥበሽ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ለጥቂት ወራት ቅበሪው። ኮክ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በራሱ ስለሚዳቀል ልጁ ከእናቱ ብዙ አይርቅም። ያልመሰለ ችግኝ ቢወጣ ከእናቱ አንድ ዓይን (እምቡጥ) አውጥተሽ ችግኙ ላይ መክተት ይቻላል። ልጆቹ ሳይቆሙ እናቲቱ አትነካ።

የፍግ ሙቀቱ ቀላል ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ችግር አለ። የከብት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ምድጃሽን ባዶ አድርጊ ብዬ አልመክርሽም። ደስ የሚለው ነገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እበት አይደለም፣ የፈረስ ፋንድያ ነው። እሱ ደግሞ ጋሪ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ አለ። ትኩስ ፋንድያና ገለባ ቀላቅለሽ፣ ውኃ ረጭተሽ፣ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከምረሽ ርገጪው። ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ጥሩ አፈር አልብሺው። ዙሪያውን በሳንቃ ከለል አድርገሽ ላስቲክ ጣይበት። መጀመሪያ ላይ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣል፣ ያኔ ብትዘሪ ዘሩ ይቀቀላል። የእንጨት ዱላ ወደ ውስጥ ሰክተሽ ትንሽ ቆይተሽ አውጪው። ጨብጠሽው ሞቅ ካለሽና ካላቃጠለሽ ጊዜው ደርሷል። በጥርና በየካቲት የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ለማፍላት ይሄ አንደኛ ነው። ሙቀቱ ሲያልቅ ያው ክምር ለጎመንሽ ማዳበሪያ ይሆናል።

ስለ ጎመንና ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ሳትጠይቂኝ ልናገር። የጓሮሽ ትልቁ ሀብት እሱ ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ሄሊገን የሚባል ጥንታዊ የአትክልት ቦታ አለ። በፈረስ ፋንድያ ሙቀት አናናስ የሚያበቅል ጉድጓድ ሳይቀር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አትክልተኞቹ ዘመቱ፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ቦታው ዳዋ ለብሶ ኖረ። ከ1990 ጀምሮ ሲያስነሱት ግንቡና ጉድጓዱ ነበሩ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ሰው ግን ስላልነበረ እንደ አዲስ እየሞከሩ ነው የተማሩት። አንቺ ጋ ግን ጎረቤት ያሉ እማማዎች ገና አሉ። ቡና ሲጠጡ ጠይቂያቸው። የትኛው ጎመን ለዘር ይተዋል? ነጭ ሽንኩርቱ መቼ ነው የሚነቀል? ጉንጉኑ ከምድጃው በላይ የሚሰቀለውስ ለምንድን ነው? ጻፊው፣ በስልክሽ ቅጂው።

ከሚነግሩሽ ውስጥ ሁለት ነገር ግን አስተካክዪ። ብዙ ቤት ለዘር የሚተወው ቀድሞ ያበበው ጎመን ነው። እንዲህ ሲደረግ ጎመኑ ትውልድ በትውልድ ለማበብ እየቸኮለ፣ ቅጠሉ እያነሰ ይሄዳል። አንቺ የመጨረሻዋን አስቀሪ፣ ሁሉም አብቦ እሷ ገና ቅጠል የምትሰጠዋን። ነጭ ሽንኩርት ላይ ደግሞ ትልቁ ይሸጣል፣ ትንሹ ይተከላል። ገልብጪው፣ ትልልቁን ትከዪ። ከሁሉ በላይ የተከላ ሽንኩርት ከገበያ አትግዢ። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቶ፣ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣቶች የሚያፈራ አበስባሽ በሽታ የሰሜን ሸዋን ነጭ ሽንኩርት እየፈጀው ነው። ቅንጣቶቹ መሬት ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። አንድ የታመመ ሽንኩርት ከገባ ጓሮሽ ለልጅሽም ነጭ ሽንኩርት አያበቅልም። የአያትሽ ንጹሕ ዘር በገንዘብ የማይገኝ ነው።

ባሕር ዛፉ ቀረ። ወንድምሽ ገንዘብ ነው የፈለገው፣ እሱም አይፈረድበትም። ይትከል፣ ግን ከካቡ ውጭ፣ በሰሜን በኩል፣ ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ። በበጋ ጥላው ወደ ሰሜን ስለሚወድቅ ካቡን አይነካም። በዛፉና በካቡ መሀል አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ በየዓመቱም ሥሩን በዶማ እየቆረጣችሁ አጽዱት። የካቡን ፎቶ ጠዋት አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ አንዴ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የትኛው ፊት ለኮኩ እንደሚሻል አብረን እናያለን።